ጽጌረዳዬን የቆረጠችው የትኛዋ ናት? ቅጠል ቆራጭ ንቦችን በአካላቸው መለየት

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን በመጣች በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ቡናዋን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ብዙም ሳትቆይ ጠራችኝ። «ነይ እስኪ እዪ፤ ጽጌረዳሽን ማነው በመቀስ የቆራረጠው?» እውነትም የመቀስ ሥራ ይመስላል። ቅጠሎቹ ከጠርዛቸው ገባ ገባ ብለው ተቆርጠዋል። አንዳንዱ ቁርጥ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያክል ክብ ነው። አንዳንዱ ረዘም ብሎ የእንቁላል ቅርጽ አለው። ጠርዙ ልሙጥ ነው፤ የተቀደደ ነገር የለውም።

ከዚያ በፊት በነበረው ሰመር ያንኑ ዓይነት ቁርጥ አይቼ ተባይ መስሎኝ መድኃኒት ረጭቼበታለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቅጠሉን የምትወስደው ንብ ናት። አትበላውም። ለልጆቿ ክፍል ታበጅበታለች።

ያን ቀን ከእናቴ ጋር ወንበር አውጥተን ጠበቅን። ፀሐይ ጠንከር ሲል አንዷ መጣች። ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ አለች፤ ዞር እያለች ቆረጠች፤ በጥቂት ሰከንድ ጨረሰች። ቁራጩን ጠቅልላ ከሆዷ ሥር ይዛ በረረች። እናቴ አፏን ይዛ ቀረች። ከዚያ የጠየቀችው ጥያቄ ነው ይህን ያስጻፈኝ። «ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት ንብ ናት?»

መልሱ አንድ ቃል አይደለም። ቅጠል ቆራጮቹ ያሉበት ወገን በሳይንስ ስሙ ሜጋካይሌ ይባላል። የግሪክ ቃል ነው፤ «ትልቅ ከንፈር ያላት» ማለት ነው። በዚህ ወገን ሥር ከ1,500 በላይ ዝርያዎች አሉ። ከአንታርክቲካ በቀር በሁሉም አህጉር ይኖራሉ፤ አገር ቤትም አሉ። እኔ ቀን በቀን የማያቸው ግን የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የዋሽንግተን ዲሲዎቹን ነው። ብዙዎቻችሁም ጎረቤቶቼ ናችሁ። ስለዚህ ንጽጽሩን እዚሁ ሰፈራችን ላይ አደርገዋለሁ። የአካል ምልክቶቹ አብዛኞቹ ግን የትም ብትሆኑ ይሠራሉ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ከቀለምና ከመጠን አትጀምሩ። ሁላችንም እዚያ ላይ ነው የምንሳሳተው። የንብ ፀጉር ፀሐይ ይመታውና ይነጣል። ቡናማ ሆና የወጣች ንብ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አመድማ ትሆናለች። ፀጉሩ ራሱ ይረግፋል፤ ያረጀች ንብ መላጣ ናት። መጠኗም በልጅነቷ ባገኘችው ምግብ ይወሰናል። የአንድ እናት ልጆች እንኳ አንዷ ደቃቃ፣ አንዷ ደልዳላ ሊሆኑ ይችላሉ። ሆዷን፣ አፏንና የጭራዋን ጫፍ እዩ። እነዚህ ሦስቱ እምብዛም አይዋሹም።

የንብ ቁርጥ ነው ወይስ የተባይ?

ንቧን ሳታዩ ቅጠሉን ብቻ ካያችሁ፣ ከዚህ ጀምሩ። የቅጠል ቆራጭ ቁርጥ ሁልጊዜ ከቅጠሉ ጠርዝ ይጀምራል። መሐል ላይ ቀዳዳ አትበሳም። ኩርባው አንድ ወጥ ነው፤ ቀጭኑን የቅጠሉን የደም ሥር ሳይቀር አብራ ትቆርጠዋለች።

አባጨጓሬ እንደዚያ አይደለም። እየበላ ስለሚሄድ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ይሆናል። ብዙ ጊዜም ጥቁር ጥቁር ኩሱን ቅጠሉ ላይ ትቶ ታገኙታላችሁ። በእኛ አካባቢ ጽጌረዳን የሚያጠፋው ሌላው የጃፓን ጢንዚዛ ነው። አረንጓዴና መዳብማ፣ የሚያብረቀርቅ ነፍሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ኒው ጀርሲ ላይ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ምሥራቁን ሁሉ አዳርሷል። እሱ በቅጠሉ ሥሮች መካከል ያለውን ሥጋ ይበላና ሥሩን እንደ ወንፊት ይተወዋል። አንድ ጊዜ አጠገብ ለአጠገብ ካያችኋቸው ከዚያ ወዲያ አታምታቱም።

ጽጌረዳ ከሌላችሁ ሬድባድ የሚባለውን ዛፍ እዩ። በጸደይ ሮዝ አበባ የሚያወጣው፣ ቅጠሉ ልብ የሚመስለው ነው። ቅጠሉ ስስና ልሙጥ ስለሆነ ቅጠል ቆራጮች ይወዱታል። ጁላይ ላይ ከእግረኛ መንገዱ ቆማችሁ ቁርጡን መቁጠር ትችላላችሁ።

ሆዷ ሥር ብሩሽ አለ?

አሁን ንቧን አገኛችኋት እንበል። የመጀመሪያው ጥያቄ «የአበባ ዱቄቱን የት ነው የያዘችው?» የሚል ነው። እኔ ከዚህ የሚበልጥ ምልክት አላውቅም።

እኛ ንብ ስንል የምናስበው የማር ንብን ነው። ቀፎ፣ ንግሥት፣ ሠራተኛ፣ መንጋ። የማር ንብ ዱቄቱን በወለላ አርሳ፣ አድቦልቡላ ኋላ እግሯ ላይ ትጭነዋለች። ከሩቅ ሁለት ቢጫ እንክብል ሆኖ ይታያል። ጣዝማም እንደዚያው ናት። መሬት ውስጥ ትኑር፣ አትናደፍ እንጂ ዱቄቱን የምትይዘው በኋላ እግሯ ነው።

ሴት ቅጠል ቆራጭ እግሯ ላይ ምንም አትጭንም። ሆዷ ሥር ከዳር እስከ ዳር ጥቅጥቅ ያለ፣ ወደ ኋላ የተኛ ፀጉር አላት። ብሩሽ ነው። አበባ ላይ ሆዷን ታሻሽና ዱቄቱ ደረቁን እዚያ ይሰካል። ስትበር ሆዷ በቢጫ እርድ የተቀባ ይመስላል። ሌላም ነገር አለ። አበባ ላይ ስትሠራ ብዙ ጊዜ የሆዷን ጫፍ ወደ ላይ ቀና ታደርገዋለች። እኔ አሁን ከሦስት ሜትር ርቀት በዚያ አቋሟ ብቻ እለያታለሁ።

የብሩሹን ቀለም ልብ በሉ፤ በኋላ ዝርያ ስንለይ ያስፈልገናል። በተለይ የመጨረሻው ቀለበት ላይ ያለውን። የንብ ሆድ በቀለበት በቀለበት የተከፋፈለ ነው። በአንዳንዱ ዝርያ ብሩሹ እስከ ጫፍ አንድ ቀለም ነው፤ በአንዳንዱ ጫፉ ላይ ወደ ጥቁር ይለወጣል። ለንደን ወይም ሌላ አውሮፓ ውስጥ ላላችሁ ጥሩ ምሳሌ አለ። ሜጋካይሌ ሴንተንኩላሪስ የምትባለው ብሩሿ እስከ ጭራዋ ጫፍ ብርቱካንማ ነው። የቅርብ ዘመዷ ሜጋካይሌ ዊሉቢዬላ ብሩሿ ብርቱካንማ ሆኖ ጫፉ ላይ ይጠቁራል። ከላይ ሲያዩዋቸው ሁለቱም ቡናማ ንብ ናቸው። ከሥር ካላያችኋቸው ሁለቱን መለየት ፈተና ነው።

ብሩሽ ያላት ሁሉ ቅጠል ቆራጭ አይደለችም

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። የሆድ ብሩሽ የቤተሰብ ምልክት ነው፤ የአክስት ልጆችም አላቸው።

የመጀመሪያዋ የአክስት ልጅ ኦስሚያ ናት። ጭቃ ለሳኝ ንብ ልንላት እንችላለን፤ ክፍሎቿን የምትለየው በጭቃ ነውና። በእኛ ሰፈር ከማርች እስከ ሜይ ትሠራለች። ቅጠል ቆራጮቹ ደግሞ ከሜይ መጨረሻ ወዲህ እስከ ሴፕቴምበር። ስለዚህ የቼሪ አበባ ሲያብብ ያያችኋት ባለ ብሩሽ ንብ በብዛት ኦስሚያ ናት። ሰውነቷም ይረዳል። አብዛኞቹ ኦስሚያዎች እንደ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ብረት ያብረቀርቃሉ፤ ሆዳቸው ድቡልቡል ነው። ሜጋካይሌ ግን ብዙውን ጊዜ ጥቁር ወይም ቡናማ ናት፤ ሆዷ ከላይ ጠፍጠፍ ያለ ነው። ግን ተጠንቀቁ። ለፍራፍሬ እርሻ ከጃፓን የመጣችው ኦስሚያ ኮርኒፍሮንስ አታብረቀርቅም፤ ቡናማ ናት። እሷን በወሯ ለዩዋት፤ ሴቷ ደግሞ ፊቷ ላይ ሁለት አጫጭር ቀንዶች አሏት።

ጥሩ አጉሊ መነጽር ካላችሁ አንድ የማያከራክር ምልክት ልጨምር። የእግሯን ጫፍ እዩ። ሁለት ጥፍሮች አሉ። ኦስሚያ በሁለቱ ጥፍሮች መካከል ትንሽ ትራስ መሳይ ነገር አላት። ሜጋካይሌ የላትም። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ባለሙያዎቹ ክርክር ሲነሳ የሚያዩት እሷን ነው።

ሁለተኛዋ ጥጥ ለቃሚዋ አንቲዲየም ናት። ከአውሮፓ የመጣችው ዝርያ፣ አንቲዲየም ማኒካተም፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ኒው ዮርክ ውስጥ ተገኝታለች። አሁን በየጓሮው አለች። ጥጥ የሚመስል ፀጉር ያለውን ቅጠል ትላጭና ለጎጆዋ ታነጥፋለች። ሆዷ ላይ ቢጫ ምልክቶች አሉ። ቅጠል ቆራጭም ሆዷ ላይ ነጣ ያሉ መስመሮች አሏት፤ ሰው የሚያምታታው ለዚህ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የአንቲዲየም ቢጫ ቆዳዋ ላይ የተቀባ ነው፤ የቅጠል ቆራጭ መስመር ግን ፀጉር ነው። ፀጉሩ ሲረግፍ መስመሩም ይጠፋል። የአንቲዲየም ቢጫ መቼም አይጠፋም።

እንጨት ቦርቧሪዋን ትልቅ ንብ በረንዳችሁ ላይ ሳታዩ አትቀሩም። ደረቷ ቢጫ ፀጉር፣ ሆዷ ጥቁርና እንደተወለወለ ጫማ የሚያበራ። ሆዷ ሥር ብሩሽ የላትም፤ ዱቄቱን የምትይዘው በእግሯ ነው። ስለዚህ እሷ በመጀመሪያው ጥያቄ ትወድቃለች። ይሁንና አትርሷት፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

የመጨረሻዋ ደግሞ ሌባዋ ናት። ሲሊዮክሲስ። ስሟ «ስለታም ሆድ» ማለት ነው፤ በትክክል ይገልጻታል። የሴቷ ሆድ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ሄዶ እንደ ወስፌ ይሾላል። ብሩሽ የላትም፤ አያስፈልጋትማ። ቅጠል ቆራጯ ስንቅ አዘጋጅታ ወጣ ስትል ሾልካ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። ከዚያ የሚፈለፈለው እጭ የባለቤቷን ልጅ ገድሎ ስንቁን ይበላል። ዓይኖቿን በአጉሊ መነጽር ካያችሁ ዓይኗ ላይ ጥቃቅን ፀጉር በቅሏል። የሚገርመው እሷን ማየት ደስ ይለኛል። ሌባ የሚመጣው ሀብት ካለበት ቤት ነው፤ ሲሊዮክሲስ ካለች ቅጠል ቆራጮች በደንብ አሉ ማለት ነው።

ሴት ወይስ ወንድ?

ይህን ሳትመልሱ ወደ ዝርያ አትሂዱ። የሴቷና የወንዱ ምልክት አንድ አይደለም።

ወንዱ ብሩሽ የለውም፤ ለልጅ የሚሰበስበው ስንቅ የለውም። ቅጠልም አይቆርጥም። ፊቱ ላይ ብዙ ጊዜ ነጣ ያለ ወይም ወርቅማ ችፍግ ያለ ፂም አለው። የጭራው ጫፍ ወደ ታች ተጠማዝዞ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ይላል። መቁጠር ለምትወዱ፣ የወንድ አንቴና 13 ክፍል አለው፤ የሴት 12።

በአንዳንድ ዝርያዎች ወንዱ ለየት ያለ ነገር አለው። የፊት እግሮቹ ሰፍተው፣ ነጣ ብለው፣ ዳራቸው በፀጉር ተከቦ ጓንት ያጠለቀ ይመስላል። ሲገናኙ በዚያ ጓንት የሴቷን ዓይኖች ይሸፍናል። ቅድም ያነሳኋት ዊሉቢዬላ ወንዷ እንደዚህ ነው። እዚህ ሰሜን አሜሪካ ሜጋካይሌ ላቲማነስ አለ፤ የላቲን ስሙ «ሰፊ እጅ» ማለት ነው። እንዲህ ያለ ወንድ ካገኛችሁ ፎቶውን ከፊት አንሱ። ለዝርያ ከሚረዱ ምልክቶች ሁሉ የወንዱ የፊት እግር አንዱና ጠቃሚው ነው።

የሰፈራችን ዕጩዎች

እንግዲህ ሴት ናት፤ ብሩሽ አላት፤ ሜጋካይሌ ናት ብላችኋል። ቀጥሎ ያሉት እኔ ጓሮ ወይም ጎረቤት በብዛት ጥያቄ የሚያስነሱት ናቸው።

ሜጋካይሌ ሮተንዳታ ደቃቃዋ ናት። ርዝመቷ ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር ነው፤ ከማር ንብ በግልጽ ታንሳለች። ሰውነቷ ጥቁር ግራጫ ነው፤ ሆዷ ላይ ቀጫጭን ነጭ የፀጉር መስመሮች አሏት። ብሩሿ ነጭ፣ ብር መሳይ ነው። ወንዱ ዓይኑ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ በሕይወት ሳለ ካያችሁት አትረሱትም። እንግዳ ናት፤ አገሯ አውሮፓና እስያ ነው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት ሳይታሰብ አሜሪካ ገባች። ዛሬ ግን ገበሬ ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛት ንብ ናት፤ ምክንያቱ አልፋልፋ ነው። አገር ቤት ለከብት መኖ የምናውቀው አልፋልፋ። አበባው ሲነካ ውስጡ ያለው ዘንግ ተወርውሮ ንቧን ይመታታል። የማር ንብ አንድ ሁለቴ ከተመታች በኋላ በጎን በኩል ወለላውን መስረቅ ትለምዳለች፤ አበባው ሳይዳቀል ይቀራል። ሮተንዳታ ግን ምት አይመልሳትም። በአሜሪካና በካናዳ የአልፋልፋ ዘር የሚመረተው በአብዛኛው በእሷ ጉልበት ነው።

ቅጠል ላይ የምትለፋው ልፋትም ቀላል አይደለም። ለአንዲት ክፍል ወደ 15 የሚጠጉ የቅጠል ቁራጮች ትጠቀማለች። ረዣዥሞቹ ለግድግዳ ናቸው፤ ክቦቹ ለክዳን። እናቴ ያየቻቸው ሁለት ዓይነት ቁርጦች ምሥጢራቸው ይኸው ነው። በየክፍሉ አንድ እንቁላል ትጥላለች። ሴቶቹን ወደ ውስጥ፣ ወንዶቹን ወደ በሩ ታስቀምጣለች፤ ወንዶቹ ቀድመው ስለሚወጡ።

ሜጋካይሌ ሜንዲካ ያገሩ ተወላጅ ናት፤ በምሥራቅ አሜሪካ ከሚበዙት አንዷ። መጠኗ ወደ ማር ንብ ይጠጋል። እሷም የፀጉር መስመሮች አሏት፤ እሷም ብሩሿ ነጣ ያለ ነው። ታዲያ ከሮተንዳታ በምን ትለያለች? መጠን አንድ ነገር ነው፤ ግን ደቃቃ ሜንዲካ ሊኖር ይችላል። የጭራዋን ጫፍ ከጎን እዩት። የሜንዲካ የመጨረሻ ቀለበት ከጎን ሲታይ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በእንግሊዝኛ የሚጠሯትም በዚሁ በጠፍጣፋ ጭራዋ ነው። ሜጋካይሌ ብሬቪስ የምትባለውን ዘመዷን ብታዩ፣ ያው ቀለበት ወደ ውስጥ ሰርጎድ ብሎ ቀጥ ያለ ፀጉር ቆሞበታል። ብሬቪስ ደግሞ የግድ የእንጨት ቀዳዳ አትፈልግም፤ ቆሞ ካለው ተክል ላይ ቅጠሎች አጣጥፋ ጎጆ መሥራት ትችላለች። ከጎን የተነሳ አንድ ጥርት ያለ ፎቶ ለእነዚህ ሁለቱ ከላይ ከተነሱ አሥር ፎቶዎች ይበልጣል።

ሜጋካይሌ ዛይሎኮፖይደስ ለማወቅ ቀላሏ ናት። ጥቁር ናት። ፀጉሯ ጥቁር፣ ክንፏ ጥቁር፣ ብሩሿም ጥቁር። ስሟ «እንጨት ቦርቧሪ መሳይ» ማለት ነው። ብሩሿ ጥቁር ስለሆነ ባዶ ሆድ ስትሆን የለም ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ዱቄት ጭና ስትመጣ ጥቁሩ ላይ ቢጫው ቦግ ይላል። ያኔ ፎቶ አንሱ።

አሁን ወደ ትልቋ። ሜጋካይሌ ስከልፕቹራሊስ። በየዓመቱ ጁላይ ላይ ሰው ፎቶ የሚልክልኝ የእሷን ነው፤ ያስፈራልና። ሴቷ ከ20 ሚሊሜትር ትበልጣለች። ደረቷ ወርቅማ ብርቱካን ፀጉር ነው። ሆዷ ጥቁር፣ ረጅምና ከላይ እስከ ታች አንድ ስፋት ያለው፣ ሲሊንደር መሳይ ነው። ክንፏ ወደ ጫፉ ጭስ የነካው ይመስላል። የመጣችው ከምሥራቅ እስያ ነው፤ ከጃፓን፣ ከቻይና፣ ከኮሪያ። እ.ኤ.አ. በ1994 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ታየች። በ2008 ደግሞ ፈረንሳይ፣ ማርሴይ አጠገብ፤ ከዚያ በአውሮፓ ተሰራጨች።

እሷን ከእንጨት ቦርቧሪዋ መለየት ነው ዋናው ጉዳይ። ሁለቱም ትልቅ ናቸው፤ ሁለቱም ደረታቸው ቢጫማ፣ ሆዳቸው ጥቁር ነው፤ አንድ በረንዳ ላይም ይገኛሉ። ቦርቧሪዋ ወፍራምና ድቡልቡል ናት፤ ስከልፕቹራሊስ ሸንቃጣ ናት። የቦርቧሪዋ ሆድ ያበራል። ዱቄቱን ካያችሁ ግን ክርክሩ ያበቃል፦ እግር ላይ ከሆነ ቦርቧሪ፣ ሆድ ሥር ከሆነ ስከልፕቹራሊስ። እሷ ራሷ እንጨት መቦርቦር አትችልም። የቦርቧሪዋን ቀዳዳ ትፈልጋለች፤ ቦርቧሪዋ ካለችበትም አስወጥታት ትገባለች።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ስከልፕቹራሊስ ሜጋካይሌ ትሁን እንጂ ቅጠል አትቆርጥም። ሙጫ ነው የምትሰበስበው። ይህ አፏ ላይ ተጽፏል። የቅጠል ቆራጭ መንጋጋ ጥርሶች አሉት፤ በጥርሶቹ መካከል ደግሞ ምላጭ የሚመስል ስስ ስለት አለ። መቀሱ እሱ ነው። ሙጫ ሰብሳቢዎቹ ጥርስ ይኑራቸው እንጂ ያ ስለት የላቸውም። በአጉሊ መነጽር ፊቷን ከፊት ለፊት ማየት ከቻላችሁ፣ አንዲት ንብ ቅጠል ስትቆርጥ ሳታዩ ቅጠል ቆራጭ መሆኗን መናገር ትችላላችሁ።

በሩን እዩ

ንቧ ካመለጠቻችሁ ቤቷ አለ። ሸምበቆ ወይም የተበሳ እንጨት ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ከሆነ፣ ቀዳዳው የተደፈነበት ነገር ይናገራል። ቅጠል ከሆነ ቅጠል ቆራጭ ናት። ጭቃ ከሆነ ምናልባት ኦስሚያ፤ ጭቃ የሚለስኑ ተርቦችም ስላሉ ወሩንም አስቡ። ጥጥ ብቅ ካለ አንቲዲየም። እንደ ሙጫ የደረቀ፣ የእንጨት ብናኝና አፈር የተቀላቀለበት ከሆነ ሙጫ ሰብሳቢ። የቀዳዳው ስፋትም ይረዳል። ሮተንዳታ ከ5 እስከ 7 ሚሊሜትር የሆነውን ትመርጣለች። ጣታችሁን የሚያስገባ ቀዳዳ በሙጫ ተደፍኖ ካያችሁ ትልቋን ጠርጥሩ።

ደረቅ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ሲጋራ የሚመስል ነገር የአበባ መደብ ስታጸዱ ካገኛችሁ አትጣሉት። ውስጡ ክረምቱን የሚያልፉ እጮች ናቸው። ባለበት መልሱት።

ሳትገድሉ ማየት

ንብ ስለሆነች አትፍሩ። ቅጠል ቆራጭ ብቸኛ ናት፤ የምትከላከለው ቀፎ የላትም። ካልጨመቋት በቀር አትናደፍም፤ ብትናደፍም ከማር ንብ ይቀላል።

እኔ የምጠቀመው ጥርት ያለ የብርጭቆ ማሰሮ ነው። አበባው ላይ ቀስ ብዬ እደፋባትና ክዳኑን ከሥር እሸጉጣለሁ። ማሰሮው ጥሩ የሚሆነው ንቧ ብርጭቆው ላይ ስትሄድ ሆዷን ከሥር ስለምታሳይ ነው። ብሩሹ፣ ቀለሙ፣ የመጨረሻው ቀለበት፣ ሁሉም ይታያል። አልረጋ ካለች ማሰሮውን ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጣለሁ፤ ፍሪዘር ግን በፍጹም። ስትቀዘቅዝ ዝም ትላለች። አውጥቼ ነጭ ወረቀት ላይ አኖራታለሁ። አራት ፎቶ ይበቃኛል፦ ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር፣ ከፊት። ከጎኗ ማስመሪያ አስቀምጣለሁ። ፀሐይ ላይ ሳደርጋት ትሞቃለች፤ ክንፏን ታርገበግብና ትሄዳለች።

ለማነጻጸሪያ የሚሆን ጥሩ ፎቶ ስትፈልጉ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የሚገኘው የዩኤስጂኤስ (የአሜሪካ መንግሥት የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም) የንብ ላቦራቶሪ ያነሳቸውን እዩ። የመንግሥት ሥራ ስለሆኑ ለማንም ነፃ ናቸው። የፀጉሩ እያንዳንዱ ዘለላ ይታያል። እኔ የሜንዲካን ጭራ የተማርኩት እነሱን አጉልቼ በማየት ነው።

ፎቶው ከተነሳ በኋላ ምን ያህል ርቀት መሄድ እንደሚቻል በግልጽ ልንገራችሁ። ስከልፕቹራሊስን በአንድ ጥሩ ፎቶ በስሟ መጥራት ትችላላችሁ። ዛይሎኮፖይደስንም እንደዚያው። ሮተንዳታን በመጠን፣ በብሩሽና በወንዱ ዓይን ብዙ ጊዜ ትደርሱባታላችሁ። ሜንዲካና ብሬቪስ የጎን ፎቶ ይፈልጋሉ። ከዚያ የቀሩት ቡናማዎቹ አብዛኞቹ ማይክሮስኮፕና የመንጋጋ ጥርስ ቆጠራ ይጠይቃሉ። ለእነሱ «ሜጋካይሌ፣ ሴት» ብላችሁ ብትጽፉ ሙሉ መልስ ነው። በግምት የተጻፈ የዝርያ ስም ግን ሌላውን ሰው ያሳስታል፤ ያ ሰው ደግሞ ሌላውን።

እናቴ አገር ቤት ከተመለሰች ሦስት ወር ሆኗታል። ባለፈው እሁድ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። የግቢያችን በር አጠገብ ያለው ጽጌረዳ ነው፤ ሁለት ቅጠሎቹ በክብ በክብ ተቆርጠዋል። ወዲያው ደወልኩላት። ከቅጠሉ ወገኗን እንጂ ዝርያዋን መናገር እንደማይቻል ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። «ሆዷን ለማየት ብርጭቆ ይዤ ተቀምጫለሁ።»